ድመታችሁ ሊተር ቦክሱን ከተወ «የማረጋጊያ ጠብታ» እንዳትገዙ

ድመት ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ወንድ ድመት ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን እንዳታወጡ። እስከ ትናንት በሥርዓት ሊተር ቦክሱ (አሸዋ ያለበት መጸዳጃ ሳጥኑ) ውስጥ ሲሸና የኖረ ድመት ድንገት ምንጣፍ ላይ፣ ሶፋ ላይ ወይም የልብስ ክምር ላይ ሲጀምር ሰው ይጨንቀዋል። ስልኩን ከፍቶ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚመጣለት ማስታወቂያ ነው። ድመትዎ ተጨንቋል፣ ይህቺን ጠብታ ውኃው ላይ ጠብ ያድርጉለት፣ ወደ ቦክሱ ይመለሳል ይላል። አትግዙት።

እዚህ ቨርጂንያ አብራኝ የምትኖረው እህቴ ያዘዘችው ከእንደዚህ ዓይነት ሻጭ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል፣ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል። ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ዋጋዋ 39 ዶላር። ፊቷ ላይ በትልቁ «በኤፍዲኤ በተመዘገበ ፋብሪካ የተመረተ» ይላል። ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ተመዘገበ ማለት ጠብታው ተመርምሮ ጸደቀ ማለት አይደለም። ጀርባዋን ስታዞሯት ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሆሚዮፓቲክ» ተጽፏል፣ ንጥረ ነገሩ እጅግ እንዲቀጥን የተደረገ አማራጭ መድኃኒት ማለት ነው፤ ኤፍዲኤ ደግሞ ያጸደቀው የሆሚዮፓቲ ምርት አንድም የለም። ከጠርሙሷ ጋር የመጣው ወረቀት «ውጤቱ እስኪታይ አራት ሳምንት ይታገሱ» ይላል።

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ወንድ ድመት ሽንቱ ከተዘጋ አራት ሳምንት ቀርቶ አራት ቀንም የለውም።

ድመታችን ዳማ ቦክሱ ውስጥ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ያምጣል፣ ይወጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ይገባል። አሸዋው ሲታይ እርጥበት እንኳ የለውም። ከዚያ ጥግ ይይዝና ታች ታችውን ይልሳል። አንድ ቀን ማታ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሸና፣ ነጩ ገንዳ ላይ ሮዝ ሆኖ ታየ። ደም ነው። በዚያው ሌሊት ኢመርጀንሲ ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ሆዱን በእጇ ዳበሰችና ፊኛው እንደ ብርቱካን ጠጥሯል፣ ቧንቧው ተዘግቷል አለችን። አደንዝዘው በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ከፈቱለት፣ ግሉኮስ ተተክሎለት እዚያው አደረ፣ ተረፈ። ሒሳቡ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ብዙ ክሊኒኮች በየወሩ እየከፈሉ የሚጨርሱበት መንገድ ስላላቸው ብር የለኝም ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ጠይቁ።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ረጅምና በጣም ቀጭን ነው። ፊኛው ሲቆጣ የሚፈጠር ንፍጥ፣ ክሪስታል ወይም ትንሽ ጠጠር ይደፍነዋል። ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልቡን የሚያቆመውም እሱ ነው። ሴቷ ቧንቧዋ ሰፋ ስለሚል ብዙ ጊዜ እንዲህ አይዘጋባትም፣ የፊኛ ሕመምና ጠጠር ግን እሷንም ይይዛታል። ያረጁ ድመቶች ላይ ደግሞ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል፣ አለበለዚያ የመገጣጠሚያ ሕመም፤ እግሩን የሚያመው ድመት የቦክሱን ጠርዝ መሻገር ስለከበደው ብቻ ውጭ ሊሸና ይችላል። ጭንቀትም ውሸት አይደለም። ቤት ስትቀይሩ፣ ሕፃን ሲወለድ፣ ሌላ ድመት ሲመጣ ያጋጥማል፣ ጭንቀቱ ራሱም ፊኛውን ያስቆጣዋል። ግን የትኛው እንደሆነ የሚለየው በሐኪም ምርመራ ነው።

አንዳንዱ ሻጭ ጠብታውን ትቶ ስፕሬይ ይሸጣል፣ ውስጡ ቲ ትሪ የሚባል የዕፅ ዘይት ያለበት አለ። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶችን በደንብ አያስወግድም፣ ቲ ትሪ መርዝ ነው። አሞታል ብላችሁ ታይለኖል (የሰው የሕመም ማስታገሻ ክኒን) የምትሰጡም ካላችሁ፣ በጭራሽ! አንድ ፍሬ ሊገድለው ይችላል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። 39 ዶላሩ የአንድ ጠርሙስ ብቻ አይደለም። የመክፈያው ገጽ ታች ላይ ቀድሞ ምልክት የተደረገባት ትንሽ ሳጥን አለች፣ «በየወሩ ይላክልኝ» ትላለች። በሚቀጥለው ወር 39 ዶላር ተቆረጠ፣ ማጓጓዣ ተብሎ ደግሞ 8 ዶላር ተጨመረበት። «የ60 ቀን ሙሉ ዋስትና» የሚሉት ዝርዝሩ ሲነበብ ላልተከፈተ ጠርሙስ ነው። ታዲያ ሳይከፈት መሥራቱ በምን ይታወቃል? ሰርዙልኝ ብላ ስትጽፍላቸው ቅናሽ እንስጥሽ እያሉ ያመላልሷታል።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አለ። በኢንተርኔት በየወሩ የሚቆርጥ ሻጭ ካርዳችሁን ከመቀበሉ በፊት ውሉን በግልጽ ማሳየት፣ ፈቃዳችሁን ማግኘት፣ መሰረዣውንም ቀላል ማድረግ አለበት። ስለዚህ «ተስማምተሻል» ሲሏችሁ አትፈሩ። እንዲሰረዝ በኢሜይል ጻፉላቸው፣ ገጹን ስክሪንሾት አንሱ፣ የጻፉላችሁን ሁሉ አስቀምጡ። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ስቴትመንቱ (የሒሳብ ዝርዝሩ) በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ዲስፒውት አድርጉ፣ ክፍያውን አልቀበልም በሉ፤ እህቴ ሁለተኛውን ክፍያ ያስመለሰችው በዚህ ነው። በዴቢት ከሆነ ሕጉ ስለሚለይ ቶሎ ባንካችሁን አናግሩ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም አመልክቱ፣ አቤቱታ ሲበዛ ነው እነዚህን ሰዎች የሚከታተላቸው።

ሐኪሙ አይቶት ደህና ነው ካላችሁ፣ ያኔ ወደ ቦክሱ ኑ። በየቀኑ ይጠረግ። ሽቶ የሌለው ሊተር ግዙ። የቦክሱ ቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ግን አታስቀምጡት፣ ድምፁ ያስበረግገዋል። አትምቱት፣ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አታሹት፤ ይፈራችኋል እንጂ አይማርም። የሸናበትን ቦታ በበረኪና አትጠቡት፣ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ለእናንተም ለእሱም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ዕጣን ማጨስም ሽታውን ለእኛ እንጂ ለእሱ አይሸፍነውም፤ ሽታው ካለ ደግሞ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። የእንስሳት ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ኢንዛይም (ሽንቱን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው የሽንት ማጽጃ ብላችሁ ጠይቁ፣ ምንጣፉን በደንብ አርሱትና በራሱ ጊዜ ይድረቅ።