ቁርስ በገደሉ አፋፍ፦ ቡፌው ቀዝቅዞ ገንፎው ያሞቀን ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሪዞርት ቁርስ በላን። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንተዋወቅ ነን። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ መካኒክ ነው። ሦስተኛው የመንዝ ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ባንክ ይሠራል። አራታችንም ተሟልተን የምንገናኘው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ስለዚህ ቦታ የመረጥነው ብዙ ተነጋግረን ነው። የሪዞርቱን ስም አልጠቅስም። ቅር ያለኝን ነገር እዚያው ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። በጥሞና ሰምቶኛል፤ እስኪያስተካክል ጊዜ ይገባዋል።

ሪዞርቱ የምኒልክን ዘመን እንዲያስታውስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ጋሻና ጦር ይዘው ይቆማሉ። ግቢው ውስጥ ሣር ክዳን ጎጆዎች አሉ። የሚጋለብ ፈረስ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፣ ካባ ተከራይታችሁ ፎቶ የምትነሡበት ድንኳን አለ። አዳራሹ እንደ ድሮ ግብር ቤት ሰፊ ነው፤ ምሰሶዎቹ ወፋፍራም የጽድ ግንዶች ናቸው። በረንዳው ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ገደሉ ቁልቁል ይወርድና ከታች፣ በጣም ሩቅ፣ የአፋር ቆላ ይታያል። እኛ የደረስነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፀሐይዋ ከቆላው ጉም ላይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። አራት ለፍላፊዎች ለደቂቃ ያህል ቃል ሳንተነፍስ ቆምን።

አንድ ነገር ግን ይታረም። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ጽሑፍ ዐፄ ምኒልክ አንኮበር ተወለዱ ይላል። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። ቦታው ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። አንኮበር የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች፤ በኋላም እሳቸው ራሳቸው ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ሸዋን ከዚያ ሆነው ገዝተዋል። ከጎናችን የነበረ አንድ አባት ጽሑፉን ለልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ሰማሁ። ልጁ ያንን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ለዚህ ነው የምናገረው።

ወደ ምግቡ ልግባ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ አንኮበር ስትሄዱም ያው ደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ባለ ብርድ ቡፌውን የዘረጉት በረንዳ ላይ ነው። ለፎቶ ያምራል። ለምግብ ግን አይሆንም። ከትሪዎቹ ሥር ካሉት ማሞቂያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የቋንጣ ፍርፍሩን ክዳን ስከፍት ቅቤው ዳር ዳሩን እንደ ሻማ ሰም ነጭ ሆኖ ረግቷል። በማንኪያ ነካ ሳደርገው እንጀራው ተያይዞ አንድ ላይ ተነሣ። የሚያሳዝነው ደግሞ አሠራሩ ጥሩ መሆኑ ነው። ቋንጣው በደንብ የደረቀ ነው፣ በርበሬው የቤት በርበሬ ነው። የሠራው ሰው ባለሙያ እንደሆነ ከአንድ ጉርሻ ይታወቃል። ከምድጃ ወርዶ ወዲያው ቢቀርብ ኖሮ ሁለት ጊዜ እነሣ ነበር።

እንቁላል ቅቅሉም ስንልጠው ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ላይ የሚበቃው ደቂቃ ስለዚህ እዚህ አይበቃም። የደጋ እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። መካኒኩ ጓደኛችን ክዳኑን ከፍተህ ብታፈላው የራዲያተር ውሃም እዚህ ቶሎ ነው የሚንተከተከው ብሎ አስረዳን፤ እንቁላሉን ግን አልበላውም።

የቀረው ቡፌ የየትኛውም ሆቴል ቡፌ ነው። ፓንኬክ፣ ቶስት፣ የታሸገ ጁስ፣ ኮርንፍሌክስ በወተት። የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው። ኮርንፍሌክሱን ይዤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ስቆም፣ ከአጥሩ ማዶ አውድማ ይታየኛል። የገብስ ክምር ቆሟል። በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ፣ አንድ ሽማግሌ ገለባውን በመንሽ ወደ ነፋስ ይበትናሉ። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው። ገንፎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ ቆሎው፣ ጠላው ሁሉ ከገብስ ነው። ሪዞርቱ ሊያሳየን የሚፈልገው የዚያ ዘመን ዘማችም በሶና ቋንጣ ሰንቆ ነው የሄደው። ካባውን አምጥተው፣ ጋሻውን ሰቅለው፣ ገብሱን ከአጥር ውጪ ተዉት። ታሪክ የሚቀመስበት ቦታ ማዕዱ ነው። እኔ እንግዳ ይዤ ወደዚህ ብመጣ መጀመሪያ ላሳየው የምፈልገው የገብስ ገንፎ ነው።

ገንፎውን ያገኘነው በነርሷ ጓደኛችን ምክንያት ነው። የነቢያት ጾም ገብቷል። እሷ ትጾማለች። ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት መብላቷ ችግር የለውም፤ ጥሉላት ግን አትነካም። ቡፌው ላይ ከቶስትና ከማርማላታ በቀር ለጾመኛ የሚሆን ነገር የለም። ይህ በጾም ወቅት፣ ያውም በሰሜን ሸዋ፣ ትልቅ ጉድለት ነው። አስተናጋጇን ጠራቻት።

«የኔ እህት፣ የጾም ምን አላችሁ?»

«ፓስታ በአትክልት ይደርሳል። ግን ለምሳ ነው።»

ልጅቷ አፈረች። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ቆይ እስኪ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። «እማማ ለሠራተኛ ገንፎ ሊያገነፉ ውሃ ጥደዋል። ለእናንተም ልጨምርላቸው ወይ ብለዋል።»

የመንዙ ልጅ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ሄደ። ተከተልነው። ማንም አልከለከለንም።

ጓዳው ከዋናው ኩሽና ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ይነዳል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ግን ከበረንዳው በኋላ ገነት ነው። እማማ ነጠላቸውን አገልድመው ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ውሃው ሲፈላ ጨው ጣል አደረጉበት። ከዚያ ዱቄቱን በአንድ እጅ እያፈሰሱ በሌላው ማማሰል ጀመሩ። መጀመሪያ ቀላል ነው። ከዚያ ይከብዳል። ገንፎው ቡፍ ቡፍ እያለ ይተነፍሳል፣ ማማሰያው አልንቀሳቀስ ይላል። እሳቸው ድስቱን በጨርቅ ይዘው ከዳር ወደ መሐል ያሹታል። ጓደኛችን ልርዳዎት ብሎ ማማሰያውን ተቀበላቸው። እንደ እናቱ እያሸ ሲያገላብጠው እማማ ሳቁ። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። አገሩን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ እኛ እንግዶች መሆናችን ቀረ።

ዱቄቱ ከቤታቸው የመጣ ነው። ገብሱን ፈትገው፣ አመስ አድርገው ነው የሚያስፈጩት። እዚህ አገር ሰነፍ ቆሎ የሚሉት ገብስ አለ። ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ ብዙ መፈተግ አይፈልግም፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። እሳቸው ግን ለገንፎ ሌላውን እንደሚመርጡ፣ ልፋቱ ቢበዛም እንደሚያዋጣ ነገሩን።

ሁለት አደረጉልን። ጭልፋቸውን ውሃ እየነከሩ ገንፎውን ገበቴው ላይ አለሰለሱትና መሐሉን ጎድጎድ አደረጉት። ለእኛ ንጥር ቅቤ በበርበሬ ሞሉበት። ለነርሷ ደግሞ ተልባ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ፣ በውሃ የተበጠበጠ። «እኔም ጾመኛ ነኝ፤ የናንተን አልቀመስኩትም። ጨው አንሶት እንደሆነ ንገሩኝ» አሉን። አላነሰውም። የጓጎለ ነገር የለበትም። ከዳር ቆርሳችሁ ቅቤው ውስጥ ስትነክሩት መጀመሪያ የሚመጣው የበርበሬው ማቃጠል ነው፤ ቀጥሎ የታመሰው ገብስ ሽታ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። የነርሷንም ቀመስኩ። እውነቱን ለመናገር ተልባው በለጠብኝ። ለስለስ ያለ ነው፣ ጉሮሮ ላይ አይቆይም። እማማ ደግሞ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ በየተራ አጎረሱን። አርባ ዓመት ሊሞላን ጥቂት የቀረን ሰዎች እንደ ሕፃን አፋችንን ከፍተን ተቀበልን።

የተረፈውን ወደ አዳራሹ ይዘን ወጣን። ያኔ ያ አባትና ቤተሰቡ «ያ ምንድነው? ለእኛም ይምጣልን» አሉ። ሌላ ጠረጴዛም ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁን ለምን ሜኑ ላይ እንደማያስገባው ስጠይቀው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ገንፎ የአራስ ምግብ ነው ብሎ አያዝም አለኝ። ጠረጴዛዎቹን አሳየሁት። እሱም አየ። ለአራስ የሚሠራው እኮ አቅም ስለሚመልስ ነው። በዚህ ብርድ ለሁሉም ሰው ይሆናል።

ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የማሽን ማኪያቶው ተራ ነው። የጀበናው ቡና ግን ዓይናችን እያየ ተቆልቶ የተፈላ ነው፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ አልተነሣንም። አስተናጋጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ይዘገያሉ፣ ግን ሰው ያከብራሉ። ገና ስንቀመጥ ጉልበታችን ላይ የመንዝ ባና አለበሱን። የበግ ጠጉር ነው፣ ይከብዳል፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሙቀቱ ወደር የለውም። ፈረሶቹ የተቀለቡ ናቸው፤ ልጆች ሲጋልቡ ሰው ልጓም ይዞ አብሮ ይሄዳል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ ግን የለውም።

ከገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ታገኛላችሁ። አንድ እንግዳ ቶስት ሲወረውርላቸው አየሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ጭላዳ የሚኖረው ሣር ግጦ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም። ሰው እጅ ላይ ያለ ምግብ ከለመደ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል፣ በዱላ የሚመታውም እሱ ነው። ሪዞርቱ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ማስታወቂያ ቢተክል ጥሩ ነው።

ቡፌው ለአንድ ሰው 900 ብር ነው። አሁን ባለበት ሁኔታ ውድ ነው እላለሁ። ከሄዳችሁ በረንዳውን ለዓይናችሁ ተዉትና ለመብላት አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ፍርፍሩ ከምድጃ በቀጥታ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ፤ ስንጠይቅ እምቢ አላሉንም። ገንፎ ከፈለጋችሁ በዋዜማው ደውላችሁ ንገሯቸው። ከመነሣታችሁ በፊትም ስለ መንገዱ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አይከፋም።

የገንፎው ዋጋ ሒሳባችን ላይ አልነበረም። ሜኑ ላይ ስለሌለ አላስከፍልም አለን ገንዘብ ተቀባዩ። አዋጥተን ለእማማ በእጃቸው ሰጠናቸው። አንቀበልም ብለው ሲግደረደሩ ቆዩና፣ ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ አራት የበሶ ጭብጦ በላስቲክ ቋጥረው ይዘዋል። «ለመንገድ ነው» አሉን። ሸኖ ሳንደርስ ጨረስነው።