ማስጠንቀቂያ፦ «ለመኪናም ለጄኔሬተርም» እየተባለ ስለሚሸጠው ወፍራም ዘይት

በትልቅ ጀሪካን ታሽጎ «ለቤንዚንም ለናፍታም፣ ለመኪናም ለጄኔሬተርም የሚሆን» እየተባለ የሚቀርብ ርካሽ የሞተር ዘይት ካጋጠማችሁ፣ የጀሪካኑን ጀርባ አዙራችሁ ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። አንድ ዘይት ለሁሉም ሞተር መግዛት ወጪን የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መልክ የሚሸጠው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ለመኪናው ከልክ በላይ ወፍራም፣ ለጄኔሬተሩ ደግሞ ጨርሶ ያልታሰበ ሆኖ ይገኛል።

በእጄ ይዤ ያየሁት ጀሪካን ፊት ለፊቱ ላይ የአዲስ መኪና ሥዕልና በደማቅ ቀለም የተጻፈ «20 ደብሊው 50» የሚል የውፍረት ቁጥር ነበረው። ጀርባው ላይ ግን ከአምራቹ አድራሻ ሥር፣ ዓይን በሚያስጨንቁ ደቃቅ ፊደላት «ኤ ፒ አይ ኤስ ኤፍ / ሲ ሲ» የሚል ተጽፏል። ይህች ግማሽ መስመር ከፊት ካለው ሥዕል ሁሉ ትበልጣለች። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በሚያወጣው የጥራት ምደባ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍታ ሞተር ሲሆን፣ ኤስ ኤፍ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች፣ ሲ ሲ ደግሞ ከ1990 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የናፍታ ሞተሮች እንደማይስማሙ ተቋሙ ራሱ ይገልጻል። በቤንዚን በኩል በ2020 የወጣው ደረጃ ኤስ ፒ መሆኑን ስታስቡ፣ ርቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ትረዳላችሁ። ከዚህ የባሰም አለ፤ ኤስ ኤ የሚል የተጻፈበት ዘይት ምንም የመከላከያ ቅመም የሌለው፣ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች የማይሆን ነው። ሻጩ ስለዚህ ሲጠየቅ «ዋናው ውፍረቱ ነው» ይላል። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ሐሰት ስላልሆነ፣ ጉዳት ከደረሰ በኋላ «ተጽፎ ነበር» ብሎ ለመከራከር ይመቸዋል።

ውፍረቱም ቢሆን እርሱ እንደሚለው አይደለም። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ ሞተሩን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያስነሳ፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። በዚህ ሙቀት 30 የተባለ ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 50 የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ይለካል። ስለዚህ አምራቹ 5 ደብሊው 30 ባለበት ሞተር ውስጥ 20 ደብሊው 50 መጨመር ማለት፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ እንኳ ቢያንስ በ30 በመቶ የወፈረ፣ ሲከፋም ከእጥፍ በላይ የሆነ ዘይት ማሠራት ማለት ነው። «አካባቢው ሞቃት ስለሆነ ችግር የለውም» የሚለው ክርክርም አያስኬድም፤ ለ100 ዲግሪ ለተሰላ ዘይት 20 እና 25 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው፣ ሞተርም በየጠዋቱ የሚነሳው በዚሁ ሙቀት ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለለው በዘይት ግፊት መለኪያው ነው። ወፍራም ዘይት ሲጨመር መርፌው ከፍ ስለሚል «ሞተሩ በረታ» ይባላል፤ መርፌው የሚያሳየው ግን ዘይቱ በጠባብ መተላለፊያ ለማለፍ መቸገሩን ነው እንጂ በብዛት መድረሱን አይደለም። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ከልክ ሲያልፍ የፊልትሮው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል። የቫልቭ መክፈቻ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ ዘይቱ ሲዘገይባቸው የሞተር መብራት ያበራሉ፣ ነዳጅም አብዝተው ይበላሉ። ወፍራም ዘይት ያረጀን ሞተር ጭስና ድምፅ ለጊዜው መደበቁ እውነት ነው፤ ያገለገለ መኪና የሚሸጡ አንዳንድ ሰዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ሆኖም 20 ደብሊው 50 በራሱ መጥፎ ዘይት አይደለም፤ ማንዋላቸው የሚፈቅድላቸው ሞተሮች አሉ። ከታዘዘው ማቅጠንም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ 40 ለሚጠይቅ ሞተር 16 ወይም 20 ብትሰጡት ቤሪንጎቹ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል።

ጄኔሬተር ላይ ነገሩ ይብሳል። በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር የሚይዘው ዘይት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፊልትሮ የላቸውም፤ ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው ከሥር የሚቀዝፍ ትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት ነው። ወፍራም ዘይት ቀዝቃዛ ሳለ በዚህ መንገድ እንደሚገባ አይረጭም፣ ሞተሩ ግን እንደተነሳ ለ50 ኸርዝ በደቂቃ 3000 ዙር መዞር ይጀምራል። አምራቾች በብዛት የሚያዝዙት 10 ደብሊው 30 ነው፤ በሙቀት ጊዜ ደብሊው የሌለው ነጠላ 30 የሚፈቅዱም አሉ። 10 ደብሊው 30 በከባድ ሙቀት ሊጎድል ስለሚችል ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር መጠኑን ተመልከቱ። በብዙዎቹ ማንዋሎች መጀመሪያ ከ20 ሰዓት፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይቀየራል፤ 100 ሰዓት ሳይጠፋ ለሚሠራ ጄኔሬተር ከአራት ቀን እምብዛም አያልፍም።

መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ የናፍታ ጄኔሬተር ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ሙሉ ጭነት ስለሚሸከም፣ ዘይቱ ቶሎ መድረስ አለበት። ለእነዚህ የተለመደው 15 ደብሊው 40 ሲሆን፣ ጥራቱም እንደ ማንዋሉ ሲ ኤች 4፣ ሲ አይ 4 ወይም ሲ ኬ 4 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ማጭበርበር አለ፦ 15 ደብሊው 40 ስትጠይቁ ደብሊው የሌለው ነጠላ «40» ይቀርብላችኋል፣ «ያው ነው» ትባላላችሁ። ያው አይደለም፤ ነጠላው 40 ስለ ቅዝቃዜ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም።

ስለዚህ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ከማንዋሉ ሁለቱንም፣ ውፍረቱንና የጥራት ደረጃውን፣ ለየሞተሩ ለይታችሁ ጻፉ። መለያ ከሌለው በርሜል በሊትር የሚቀዳ ዘይት አትግዙ። በደረሰኙ ላይ «ዘይት» ብቻ ሳይሆን ሙሉ ደረጃው እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ካንገራገረ ሌላ ዘንድ ሂዱ።

ይህንን ዘይት አስቀድማችሁ ከሞላችሁ በቀጭን ዘይት በመቀላቀል ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ቅልቅሉ ዘይቱን ቢያቀጥነውም የጎደለውን ቅመም አያሟላም። ሞተሩን ጥቂት አሙቃችሁ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፣ ፊልትሮ ካለው ቀይሩት፣ ጀሪካኑን ግን አትጣሉ፤ ለሻጩም ሆነ ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ስታቀርቡ ማስረጃችሁ የጀርባው ጽሑፍና ደረሰኙ ናቸው።