ስኳር ድንች፦ ቅቅል ወይስ ጥብስ?

ከጅማ ሂርማታ ገበያ ስኳር ድንች ገዝቶ የተመለሰ ሰው ይቀቅለው ወይስ በፍም ይጥበሰው ብሎ ያመነታል።

ቅቅሉ ከነልጣጩ፣ በትንሽ ውሃና በተከደነ ድስት ሲበስል በውሃ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ብዙም አይባክንም፤ የደምን ስኳርም ከጥብሱ ይልቅ ቀስ አድርጎ ስለሚያሳድግ፣ መጠኑ እስካልበዛ ድረስ፣ ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል።

ጥብሱ ስታርቹ በዝግታ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ስለሚለወጥ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጊዜና ከሰል ይፈጃል።

እኔን ከአበሳሰሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው፦ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በብርቱካናማው ውስጥ በብዛት ሲገኝ በነጩ ውስጥ እምብዛም የለም። ቤታ ካሮቲኑንም ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ ስለማይመጥጠው ጥቂት ቅቤ ይጨመርበት።

የተፈጨ ምግብ ለሚመገብ ሕፃን ቅቅሉ ይስማማል፤ ለቡና ቁርስ ግን ከሰሉ አስቀድሞ ስለተቀጣጠለ ጥብሱ ይመቻል።