«ሙሉ ሮህም» ብሎ የሸጠልኝ ጩቤ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደረሰኙን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፈው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ቅዳሜ ዕለት እዚህ ቨርጂኒያ በነበረው የድሮ ወታደራዊ ዕቃዎች ገበያ 3,800 ዶላር በጥሬው ቆጥሬ አንድ የኤስ ኤ (የናዚ ፓርቲ ሚሊሺያ) ጩቤ ገዛሁ። የ1933ቱ ዓይነት ነው፤ በስለቱ ጀርባ የኤስ ኤ አዛዥ የነበረው የኤርንስት ሮህም የወዳጅነት ቃል ተቀርጾበታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ የውሸት ነው። ሌላው ሁሉ ትክክለኛ ነው፤ ወጥመዱም እሱ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ጥቁር ከፋይ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የመስታወት ሳጥን፣ ነጭ ጓንት፣ ቢጫ አምፖል። «አያቱ ከጦርነቱ ይዘውት የመጡ ልጅ ነው የሸጠልኝ» የሚለውን ታሪክ ሰምታችሁታል፤ «አንድ ሰው ከምሳ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎኛል» የሚለውንም።

እንዲህ ያለ ጩቤ ለምን እንደሚወደድ ግን ልናገር፤ የተታለልኩት በዚያው በማውቀው ነገር ስለሆነ። የኤስ ኤ ጩቤ ራሱ ብርቅ አይደለም። ዞሊንገን፣ ያቺ በአያቶቻችን ጎራዴ ስለት ላይ ሳይቀር ስሟ የሚገኘው የጀርመን ከተማ፣ ከ1933 መጨረሻ ጀምሮ በገፍ ሠርታዋለች። ሰብሳቢው የሚሻማው በመጀመሪያዎቹ ነው። ከእጀታው ጫፍና ጫፍ ያሉት የላይኛውና የታችኛው መከላከያቸው ወጥ ኒኬል ሲልቨር (ብር የሚመስል የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ) ነው። የእንጨት እጀታው በእጅ እየተሞረደ ከብረቱ ጋር የተገጠመ በመሆኑ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለውም፤ ከሌላ ጩቤ አምጥተው የቀየሩት እጀታ ወዲያው የሚታወቀውም በዚህ ነው። ከታችኛው መከላከያ ጀርባ ጩቤው የተላከለት የኤስ ኤ የአካባቢ ቡድን ምልክት ተመትቶበታል፤ «Sa» ካለ ለሳክሰን፣ «Wf» ካለ ለቬስትፋለን። የኋለኞቹ ከዚንክ ቅይጥ ተሠርተው በኒኬል የተለበጡ ናቸው፤ ልባጡ ያብጣል፣ ይላጣል። በፋብሪካው ስም ፈንታ የአር ዜድ ኤም (የናዚ ፓርቲ ዕቃዎች ተቆጣጣሪ ቢሮ) ክብ ምልክትና በ«ኤም 7» የሚጀምር ቁጥር ይዘው ታገኟቸዋላችሁ።

የሁሉም ቁንጮ ግን «ሮህም» የምንለው ጩቤ ነው። እስከ 1931 መጨረሻ የኤስ ኤ አባል ለሆኑት የተሰጠ ነው። ፊቱ ላይ እንደ ሌላው «ሁሉም ለጀርመን» ይላል፤ ጀርባው ላይ «ኢን ሄርትስሊሸር ፍሮይንድሻፍት»፣ ከልብ በሆነ ወዳጅነት፣ የሚል ከሮህም ስም ጋር በእጅ ጽሑፉ አምሳል ተቀርጿል። ጁን 30 ቀን 1934 ሂትለር በሮህም ላይ ዞረበት፤ በማግስቱ ሙኒክ ስታደልሃይም እስር ቤት ውስጥ ተገደለ። ወዲያው ስሙ ከየጩቤው እንዲጠፋ ታዘዘ። አንዱ ጽሑፉን በሙሉ አስሞረደው፣ ሌላው ስሙን ብቻ አስፋቀ። ሳይነካ የተረፈው «ሙሉ ሮህም» የምንለው ነው፤ ዋጋውም ከተሞረደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የተሞረደውም ቢሆን እኔ ከልቤ የምወደው ዕቃ ነው። ትናንት የተመካበትን ስም ዛሬ በድንጋጤ ሲፍቅ የነበረ ሰው እጅ ስለቱ ላይ ይታያል።

የተሸጠልኝ ጩቤ እንደዚያ ያለ ሐቀኛ የተሞረደ ሮህም ነበር። ስለዚህ መከላከያው ትክክል፣ እጀታው ትክክል፣ አፎቱ ትክክል፣ ማኅተሙም የመጀመሪያው ዘመን የፋብሪካ ማኅተም ነው። አንድ እጁን የማይሰበስብ ሰው በተሞረደው ገጽ ላይ በአሲድ አዲስ ጽሑፍ ቀረጸበት። እኔን ዘረፈኝ፣ ያንን የ1934 አሻራም አጠፋው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያንገበግበኛል።

ስለቱን ከአፎቱ የመዘዘው ሻጩ ራሱ ነው፤ «የጣት ላብ ያዝገዋል» ብሎ። በጓንቱ ይዞ ከአምፖሉ ሥር አገላበጠልኝ። አውራ ጣቱ ግን ከመከላከያው ቀጥሎ፣ ማኅተሙ ካለበት ከስለቱ ሥር ላይ አንዴም አልተነሳም። ማጉያ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። እጀታውን አይቼ፣ የቡድኑን ምልክት አንብቤ፣ የኒኬል ሲልቨሩን ቀለም አይቼ ረክቼ ነበር። ሦስት ነገር ልክ ሲሆንልኝ አራተኛውን ሳልመረምር አመንኩ። ይህ ሞኝነት የኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

«ጽሑፉ የ1934 መሆኑን፣ ካልሆነ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቤ እንደሚመለስ ጻፍልኝ» አልኩት። «ችግር የለም» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ። ወረቀቱን ለአራት አጠፈው፤ ከጩቤው ጋር ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፉን በፕላስተር አሸገው፤ እጄን ጨበጠኝ። መኪናዬ ውስጥ ቀድጄ ሳነበው ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነበር፦ «አንድ ጩቤ፣ ጽሑፍ ያለበት፣ እንዳለ የተሸጠ።» ያልኩትን በጆሮው ሰምቶ፣ እሺ ብሎ፣ እጁ ሌላ ጻፈ።

የቀረውን የፀሐይ ብርሃን ነገረኝ። ቀጭን የብረት ማስመሪያ በስለቱ መሐል ባለው አከርካሪ ላይ በርዝመቱ ሳስቀምጥ፣ ልክ ከጽሑፉ ሥር ብርሃን ያሳልፋል፤ ተሞርዶ ጎድጉዷል። አውራ ጣቱ ሸፍኖት የነበረው ቦታ ላይ ጭራሽ ደረጃ አለ፦ ማኅተሙ ያለበት ከፍ ብሎ፣ ጽሑፉ ያለበት ዝቅ ብሎ። የፋብሪካው የሞረድ ጭረት ስለቱን አግድም ነው የሚያቋርጠው፤ ፊቱ ላይ እንደዚያው ነው፣ ጀርባው ላይ ግን ወደ ጫፉ በርዝመት ይሄዳል። በማጉያ ሲታይ የ«ሁሉም ለጀርመን» ፊደላት ጠርዛቸው ስል፣ ወለላቸው ለስላሳና ወጥ ነው። የሮህም ፊደላት ጠርዝ ደብዝዟል፣ ወለሉ አሸዋማ ነው። አሴቶን የነካ ጥጥ ባሳርፍበት ጥቁሩ ቀለም ተነስቶ ጥጡ ላይ ቀረ።

ተመልሼ ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሳንድዊቹን እየበላ ነበር፤ ጥጡን ሳሳየው አኘከ፣ ዋጠ፣ «ጽሑፍ አለበት አልኩህ እንጂ መቼ እንደተጻፈ ነገርኩህ?» አለኝ። አጠገቡ ያለው ረዳቱ «አሁን ደግሞ አሴቶን ነክቶታል፣ አበላሽቶታል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ ማስተናገድ ጀመሩ።

ማስመሪያና ማጉያ ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱን ራሳችሁ ያዙት፤ ካልሰጣችሁ ሂዱ። የሮህም ስምና የአር ዜድ ኤም ምልክት አንድ ስለት ላይ ካያችሁ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ እነዚያ ቁጥሮች የመጡት ሮህም ከሞተ በኋላ ነው። የአንድ ፋብሪካ ጽሑፍ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ስለሆነ፣ የዚያኑ ፋብሪካ እርግጠኛ ሮህም ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ የፊደላቱን ርቀት አመሳክሩ። ደረሰኙን ደግሞ ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ አንብቡ።