የዋልተር ክሪስቲ ሁለት ፈጠራዎች፦ መኪናው ወይስ ታንኩ?

የአሜሪካዊው መሐንዲስ የጆን ዋልተር ክሪስቲ ተጽዕኖ ሲመዘን ሁለት ፈጠራዎቹ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ሞተሩ ከፊት አግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን የሚያሽከረክር የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ቢወዳደርበትም እስከ ፍጻሜው አልዘለቀም። ይህ አቀማመጥ በብዙኃኑ መኪና ላይ የተስፋፋው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1959 ሚኒ የተባለችው ትንሽ የብሪታንያ መኪና ገበያ ላይ ከዋለች ወዲህ በመሆኑ፣ ክሪስቲን ቀዳሚ እንጂ አባት ማለት ይከብደኛል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት እጅግ የሚልቀው የታንክ ሞላ ስልቱ ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ጎማ በራሱ ረጅም ሞላ ላይ ስለሚያርፍ ለብቻው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ታንኩም በወጣ ገባ መሬት ላይ በፍጥነት መጓዝ ይችላል። የአሜሪካ ጦር ጥቂቶችን ብቻ ሲገዛ፣ ሶቪየት ኅብረት የመድፍ ማማ የሌላቸውን ሁለት ታንኮች ወስዳ የቢቲ ታንኮችን፣ ቀጥሎም ዝነኛውን ቲ-34 በዚሁ ስልት ሠራች፤ ብሪታንያም እንደ ክሮምዌል ባሉ ታንኮቿ ተጠቅማበታለች። እርግጥ ነው፣ ሞላዎቹ የታንኩን የውስጥ ቦታ ይሻማሉ፤ ቲ-34ን ተከትሎ የመጣው ቲ-44ም በእነሱ ፋንታ በሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ላይ ተሠርቷል።