«ልጄ፣ ይህን አትግዢው» ላሉኝ ሴራሚክ ሠሪ

የቤታችን እድሳት ባለፈው ሳምንት አለቀ። ወለሉን ላነጠፉልን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ ይቆጨኛል።

ውለታቸው የሚጀምረው ገና አንድ ሴራሚክ ሳያነጥፉ ነው። ለመታጠቢያ ቤቱ ወለል እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ፖርሴሊን የሚባል የሴራሚክ ዓይነት መርጬ ቀብድ ልከፍል ስል፣ ናሙናውን መሬት ላይ አስቀመጡና የሚጠጡትን ውሃ አፈሰሱበት። «ጫማሽን አውልቂና ቁሚበት» አሉኝ። ቆምኩ፤ ክንዳቸውን ባልይዝ ወድቄ ነበር። «ልጄ፣ ሳሎን ከሆነ ውሰጂው፤ ለሻወር ግን አትግዢው።» ካርቶን ላይ ከአር 9 እስከ አር 13 የሚጻፈው ቁጥር ወለሉ በጫማ ለሚሄድ ሰው ምን ያህል እንደማያንሸራትት የሚናገር ነው፤ በእርጥብ ወለል ላይ ለባዶ እግር ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ሌላ ደረጃ አለው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እኔ የማውቀው ቀለም መምረጥ ብቻ ነበር።

ቀጥለው ሴራሚኩን ገልብጠው ጀርባው ላይ ጠብታ ጣሉ። የግድግዳው ሴራሚክ ወዲያው መጠጠው፤ ፖርሴሊኑ ላይ ግን ጠብታው እንዳለ ቀረ። ፖርሴሊን የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳው ከ10 በመቶ በላይ ነው። ታዲያ የማይመጥ ነገር በተራ ሲሚንቶ ቡኮ በደንብ አይያዝም፣ የራሱን ማጣበቂያ ይፈልጋል። ይህን ሲሉኝ የቀድሞው ኮሪደራችን ትዝ አለኝ። ሌላ ሠራተኛ በሲሚንቶ ብቻ ለጥፎት ዓመት ሳይሞላው ሲረገጥ ባዶ ጣሳ ይመስል ነበር፤ ሦስቱ ተነቅለው ወጡ። ጥፋቱን ስንጭን የኖርነው በሴራሚኩ ላይ ነበር!

ዕቃው ሲመጣ ካርቶኖቹን በሙሉ ደርድረው የምርት ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አዩ። ሁለቱ የተለየ ቁጥር ስለነበራቸው አስመለሱ። ለእኔ ቀለሙ አንድ ነበር፤ ጎን ለጎን አድርገው መስኮቱ ጋ ሲያሳዩኝ ግን አንደኛው ቢጫ ያደላል። ለቁርጥራጭና ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሪ ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትርፍ ያስገዙኝ መስሎኝ አኩርፌ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው አራት ሴራሚክ ሰብሮ ሲወጣ ኩርፊያዬን ዋጥኩት።

የሻወሩን ወለል ውሃ መከላከያ ቀብተው፣ ማፍሰሻውን ደፍነው ለ24 ሰዓት ውሃ አቆሙበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ማንጠፍ የጀመሩት። ለመኝታ ቤቱ የመጣው ላሚኔትም (እንጨት የሚመስለው የወለል ንጣፍ) ካርቶኑ ሳይከፈት ሁለት ቀን ክፍሉ ውስጥ አደረ። ከግድግዳው ጋር የተዉለትን ክፍተት ስህተት መስሎኝ ስጠይቅ «ይተንፍስበት» አሉኝ፤ በኋላ ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ዞኮሎ ሸፈነው።

ጉድለትም አላቸው። ዝግ ይላሉ፤ በ10 ቀን ያልቃል ያልነው 16 ቀን ፈጀ። ሥራ ላይ ሳሉ ደግሞ ስልክ አያነሱም፣ ማታ ነው የሚገኙት። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ለዚያ ፈቅደውልኛል። ብቻ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉላቸው። ገዝታችሁ ከጠበቃችኋቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ውሃ ማፍሰስ ነው።