አሮጌ ሃይሉክስ ከ1ኬዜድ-ቲኢ ሞተር ጋር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የቀረበ ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ በተለይም ኤልኤን106 የሚባለው ባለ አራት ጎማ ፒክአፕ፣ ለአስቸጋሪ መንገድ የተፈጠረ መኪና ነው። የፊቱ ሙሉ አክስልና ባሌስትራው ድንጋይና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ዛሬም አያሳፍሩም፤ ያለ ተርቦ (በጭሱ ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሚሠራው 2,779 ሲሲ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ግን ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለሚሰጥ፣ ጭነት ተጭኖ ረጅም ዳገት ሲመጣ አሽከርካሪው ማርሽ ከመቀነስ በቀር ምርጫ የለውም። እኔም መኪናውን ከመለወጥ ሞተሩን መለወጥ መረጥሁ፣ በ3ኤል ቦታም 1ኬዜድ-ቲኢ የሚባለውን ባለ ተርቦ የቶዮታ የናፍጣ ሞተር አስገባሁ። ከወራት አገልግሎት በኋላ ቅያሬው ተገቢ እንደነበር አምናለሁ፤ ውጤቱን የወሰነው ግን ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ አስቀድሞ የታቀደው ማቀዝቀዣ ነው።

ሌላ ምርጫ አልነበረም ማለት አይደለም። 5ኤል የሚባለው ሞተር ከ3ኤል ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ሥራው እጅግ በቀለለ ነበር፤ ዝምታንና ቀላል ጥገናን ብቻ ለሚፈልግ ባለቤት አሁንም የምመክረው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ የፒስቶኑ ስፋት ከ96 ወደ 99.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ከማለቱና መጠኑ 2,986 ሲሲ ከመድረሱ በቀር ያለ ተርቦ የሚሠራ በመሆኑ፣ በዳገት ላይ የሚሰማው ለውጥ ትንሽ ነው። 1ኬዜድ-ቲኢ በመጠን ከ5ኤል ጋር እኩል ሊባል የሚችል፣ ማለትም 2,982 ሲሲ ሆኖ ሳለ፣ በተርቦው አማካይነት 290 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል፤ የ3ኤል ከ190 ብዙም አይርቅም። ከዚህም በላይ ይህ ኃይል የሚገኘው በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ስለሆነ፣ ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣ የነበረው መኪና አሁን በሦስተኛ ረጋ ብሎ ይወጣል። በጭቃና በአሸዋ ላይም ዙሩን ሳያስጮኹ መሄድ መቻሉ ለእኔ ከፍጥነቱ ይበልጥ ዋጋ አለው።

የ1ኬዜድ የታወቀ ድክመት ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከጋለ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሞተር የሚወጣ እቅድ ሁሉ ከራዲያተር መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። የቀድሞው ራዲያተር የታሰበው ለ3ኤል ሙቀት እንጂ ለተርቦ ሞተር ስላልሆነ፣ ወፍራምና አዲስ ራዲያተር አስገባሁ። ቬንቲላተሩን በኤሌክትሪክ ከመተካት ይልቅ በሞተሩ የሚዞረውን ባለ ሲሊኮን ዘይት ዓይነት አስቀረሁ፤ በዝግታ እየሄዱ ብዙ ጉልበት በሚጠየቅበት ቦታ የሚበቃ አየር የሚስበው እርሱ ነውና። ዙሪያውን የሚከልለው ሽፋንም በአዲሱ ቦታ ልክ ተሠርቶ፣ የክንፎቹ ግማሽ ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ሽፋኑ ከሌለ ወይም ከራቀ ቬንቲላተሩ የሚስበው በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ሳይሆን ከጎኑ ያገኘውን ሙቅ አየር ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ለዚህ ሥራ አይበቃም። መርፌው በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ መነሣት ሲጀምር ጊዜው ብዙ ጊዜ አልፏል። በዚህ ምክንያት በዲግሪ የሚያነብ መለኪያ፣ በቴስታታው ብረት ላይ የሚታሰር የሙቀት ማስጠንቀቂያ፣ እንዲሁም የውኃ መጠን ሲጎድል የሚጮህ መሣሪያ አስገባሁ። ሦስተኛው ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውኃው ፈስሶ ካለቀ በውኃ ውስጥ ይለካ የነበረው መሣሪያ አየር ላይ ስለሚቀር የሚያሳየው ቁጥር አሳሳች ይሆናል። ከተርቦው በፊት የሚወጣውን ጭስ ሙቀትም እከታተላለሁ፤ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግሬን አነሣለሁ ወይም ማርሽ እቀንሳለሁ። ውኃ ሲሞላም የመኪናውን ፊት ከፍ አድርጎ ማቆም የታሰረውን አየር ለማስወጣት ይረዳል።

ሽቦው ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የጠየቀው ክፍል ነበር። በቲኢ ውስጥ ያለው ኢ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያን ስለሚያመለክት፣ የነዳጁ ፖምፓ ያለ ኮምፒውተሩ አይሠራም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከኮምፒውተሩ፣ ከሙሉ ሽቦውና ከነዳጅ መርገጫው ሴንሰር ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ኮምፒውተሩ ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሣ ከሚያደርገው የቁልፍ መከላከያ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑም ከግዢው በፊት መጣራት ይኖርበታል። ሽቦ የማይፈልግ ባለቤት ፖምፓው በሜካኒክ የሚሠራውን 1ኬዜድ-ቲ ቢፈልግ ይሻለዋል። የእኔው መኪና ጎርፍ ስለሚሻገር ኮምፒውተሩን በካቢኑ ውስጥ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጫለሁ፤ እስካሁንም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም።

ሞተሩ ሻንሲው ላይ ከመታሰሩ በፊት አክስሉ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሲወጣ ከዘይት ቋቱ ጋር የሚኖረው ርቀት መለካት አለበት፤ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚበቃ የሚመስለው ክፍተት በጉድጓድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ካምቢዮውን ከአዲሱ ሞተር ጋር አብሮ የመጣውን አድርጌዋለሁ፤ ፍሪሲዮኑም አዲስ ነው። ፍሬን ጫማዎቹንና ቱቦዎቹን ማደስ ደግሞ የዚሁ ሥራ አካል እንጂ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም፣ ጉልበቱ ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምራልና።

ያልረካሁባቸው ነገሮች አሉ። በኮፈኑ ሥር የሚሰበሰበው ሙቀት ከቀድሞው በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ በተርቦው አጠገብ የሚያልፉትን ቱቦዎችና ሽቦዎች ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ መሸፈን ግድ ሆኖብኛል። የነዳጅ ፍጆታው በረጋ ጉዞ ከቀድሞው የተለየ አይደለም፤ በተርቦው ጉልበት ተስቦ በፍጥነት የሚነዳ ግን ልዩነቱን በቶሎ ያየዋል። የዲፈረንሻሉ ጥምርታም (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ አክስሉ የሚገባው ዘንግ የሚዞረው ብዛት) ለአዲሱ ሞተር አጭር ነው። 4.56 የነበረው ወደ 4.10 ቢቀየር በዋና መንገድ ላይ ዙሩ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይሁንና የፊቱና የኋላው አብረው ካልተቀየሩ አራቱም ጎማ ሲያያዝ ማርሾቹ እርስ በርስ ስለሚታገሉ ሥራው ሁለት እጥፍ ነው። ትልልቅ ጎማ ላስገባ ባለቤት ግን 4.56ቱ እንዳለ ቢቆይ ይሻለዋል፤ እኔም የጎማዬን መጠን እስክወስን ድረስ አልነካሁትም።